ከታች ወደ ላይ የተቆለፈው ኮት

ስህተት አይቼ ዝም ማለት አልችልም። በሽታ ነው የሚሉ አሉ፤ ደሞዝ የምበላው ግን በዚሁ በሽታዬ ነው። ፊልም ሥራ ላይ ኮንቲኒቲ የሚባል ሙያ አለ። ፊልም እንደ ተረት ከመጀመሪያው ተጀምሮ አይቀረጽም። ሰውየው ሰኞ ዕለት ከውጭ ሆኖ በሩን ይከፍታል፤ ወደ ውስጥ የሚገባው ሐሙስ ነው፣ ለዚያውም ሌላ ሰፈር ባለ ሌላ ቤት። ሰኞ ዝናብ ጸጉሩን አርሶት ከነበረ ሐሙስም ርሶ መገኘት አለበት። ቦርሳውን በግራ እጁ ይዞ ከነበረ በግራ። ይህን ሁሉ አይቼ የምይዘው እኔ ነኝ። አንዷ ካመለጠችኝ ተመልካች ይስቃል፣ ዳይሬክተሩ ይጮኻል፣ ጥፋቱም ዞሮ ዞሮ እኔ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ማንም ሳይጮህ እኔ ቀድሜ እጮኻለሁ። ከኋላዬ “እመት ስህተት” እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ይበሉ፤ የሰው አፍ አይዘጋ።

የማወራችሁ ግን ስለ እኔ አይደለም። ስለ እትዬ እጅ ነው።

እትዬ እጅ ፊልም የምትሠራው በእጇ ብቻ ነው። ካሜራው ሰውየውን ትቶ አንዲት ትንሽ ነገር ተጠግቶ ሲቀርጽ ኢንሰርት ይባላል። ጣት ደወል ሲጫን፣ ቁልፍ በር ላይ ሲዞር፣ አንዲት ሴት ቀለበቷን ስታወልቅ፤ እንዲህ ያለው ሁሉ ኢንሰርት ነው። ታዋቂዋ ተዋናይ ጥፍሯን የምትበላ ከሆነች፣ ወይም ለአንዲት ቀለበት ግማሽ ቀን መገተር ካልፈለገች፣ እትዬ እጅ ትጠራለች። የተዋናይዋን ልብስ ትለብሳለች፤ ካሜራው ከክርኗ በላይ አይወጣም። ስታለቅስ አይታችሁ አብራችኋት ያለቀሳችሁት ቆንጆ፣ እንባዋን የጠረገችበት እጅ የእሷ አይደለም፤ የእትዬ እጅ ነው። ፊልሙ ሲያልቅ ከሚወርደው የስም ዝርዝር ውስጥ ሾፌሩ አለ፣ ሻይ የምታፈላልን ሴት አለች፣ እሷ የለችም። “እጄ አመድ አፋሽ ነው” ትል ነበር፣ እየሳቀች። ሳቋ ረጅም አልነበረም።

እጇን እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምትጠብቀው። በጋም ክረምትም ጓንት ታደርጋለች። ሽንኩርት አትከትፍም፣ እሳት አትነካም፣ ልብስ አታጥብም። ሰላምታዋ በአንገት ነው፤ ሰው ሲጨብጣት አይቼ አላውቅም። እጅና ጓንት ሲባል ለወዳጅነት ነው፤ የእሷ እጅ ግን ከጓንቱ በቀር ወዳጅ አልነበረውም።

አንድ ጊዜ የሚለካ እጅጌ ላደርስላት ቤቷ ሄጃለሁ። ከሰው ግቢ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት። አልጋው ተነጥፏል፣ መስኮቱ ተወልውሏል። ምድጃው ላይ የአበባ ማሰሮ ተቀምጧል፤ አበባው ደህና አድጓል፣ ምድጃው ከተለኮሰ ስንት ዘመኑ። መደርደሪያው ላይ ሁለት ብርጭቆ አለ፤ አንደኛው ተደፍቶ ታቹ አቧራ ይዟል። ጠረጴዛው ላይ ዳቦ በላስቲክ ተጠቅልሎ አየሁ።

“እትዬ፣ ምሳሽ ይኼ ነው?” አልኳት።

“እራቴም ነው” አለችኝ።

ወንበሩ አንድ ስለሆነ እኔን አስቀምጣ እሷ ቆመች። እኔም ብቻዬን ነው የምኖረው፤ ብቸኝነት አያስደነግጠኝም። የዚያች ክፍል ግን አንጀቴን በላው። ቶሎ ብዬ ወጣሁ።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ፤ እዚህ ላይ ካልነገርኩ የቀረው አይገባም። ይህች ሴት ከዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ታናሽ እህቷ እንድታናግራት። ሌላ አይደለም፣ ድምጿን እንድታሰማት። “ስድብም ቢሆን” ትል ነበር።

ይህን የነገረችኝ መብራት እስኪስተካከል ስንጠብቅ ነው። ፊልም ሥራ ዘጠና እጁ መጠበቅ ነው፤ ሰው ሲጠብቅ ያልተጠየቀውን ይናገራል። እናታቸው ልብስ ሰፊ ነበረች። ሁለቱ እህትማማቾች ያደጉት ከስፌት መኪናው ጠረጴዛ ሥር ነው፤ ቁርጥራጭ ጨርቅ አሻንጉሊታቸው፣ የወዳደቀ ቁልፍ ጠጠራቸው። እናትየው ስትታመም ተራ ገብተው አስታመሟት። እናትየው የሞተችበት ቀን የታናሽየዋ ተራ ነበር። እትዬ እጅ ሥራ ላይ ናት። ቀረጻ ሲጀመር የሁላችንም ስልክ ተዘግቶ ቅርጫት ውስጥ ይገባል፤ አንድ ስልክ ጮኾ የስንቱን ልፋት ገደል ስለሚከት የማንም ስልክ አይቀርም። የዚያን ዕለት የሳሙና ማስታወቂያ ነበር። ሳሙናው አረፋ አልሰጥ ብሎ ደግሞ፣ ደግሞ፣ ደግሞ ሲባል ዋለ። ቅርጫቱ ሲመጣና ስልኳን ስትከፍት የእህቷ ጥሪ ተደራርቦ ጠበቃት። ስትደርስ እናቷ ተገንዛለች።

እህቷ ቀብር ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ “የእናታችንን እጅ መያዝ ሲገባሽ የማንን ሳሙና ይዘሽ ዋልሽ?” አለቻት። ከዚያ ወዲህ ቃል አልተነፈሰችላትም። ባሏን ተከትላ ሌላ ከተማ ገባች፣ ስልኳን ቀየረች። ዘመድ ሲላክ “እህት የለኝም በሏት” ብላ ትመልሳለች። አክስታቸው ብቻ፣ ደግ ሴት ናት መሰለኝ፣ አንድ ነገር ሹክ ብላታለች፦ “ፊልም አያመልጣትም። ሌላው ሲታይ እየሠራች ነው፤ እጅ ብቻ የሚታይበት ቦታ ሲደርስ ግን ሥራዋን ትታ ታፈጣለች።”

እትዬ እጅ በዚህች ወሬ ነበር የምትኖረው። ሰው በዳቦና በወሬ ሊኖር ይችላል፤ አይቻለሁ።

አንድ ነገር ልብ ብዬ ነበር። ማንም ሰው መንገድ ላይ ያገኛትን ሴት ሁሉ “እህቴ” ይል የለ? አሳልፊኝ እህቴ፣ ስንት ሰዓት ነው እህቴ። እሷ ግን በዚያ ቃል ማንንም ጠርታ አታውቅም። እኔን “የኔ ዓለም” ነው የምትለኝ፤ አልባሳት የምትይዘዋን ልጅ “ልጄ”። የዚያን ቀን ምክንያቱ ገባኝ።

ከዚያ የኮቱ ፊልም መጣ። እናት ልጇን ሩቅ አገር ወዳለ ትምህርት ቤት ትልካለች። በር ላይ ኮቱን ትቆልፍለታለች፣ ልጁ ዞር ብሎ ያያታል፣ ይሄዳል። ተዋናይዋ ቆለፈች፤ ከላይ ጀምራ ወደ ታች፣ አራት ቁልፍ። ከሩቅ ተቀረጸ፣ አማረ፣ ዳይሬክተሩ ዓይኑን ጠረገ። የእጇን ኢንሰርት ግን ሌላ ቀን እንቀርጸዋለን ተባለ፤ ጥፍሯ ያው የምታውቁት ነው።

ሌላው ቀን ሲደርስ ልጁ ወደ ቤቱ ተሸኝቷል። ኮቱን የእንጨት መስቀያ ላይ አደረግነውና ውስጡን በጨርቅ ጠቀጠቅነው። ካሜራ ባለሙያው፣ የመብራት ሠራተኛው፣ እኔ፣ እትዬ እጅ፤ በቃ። ስቱዲዮው ባዶ ስለነበር ሳል እንኳን ያስተጋባ ነበር። ጓንቷን አወለቀች፣ የተዋናይዋን ሹራብ ለበሰች።

“ከላይ ወደ ታች” አልኳት።

“አውቃለሁ የኔ ዓለም።”

ከላይ ወደ ታች ቆለፈች። ንጹሕ ሥራ ነው። “ይዘናል” አለ ካሜራ ባለሙያው። “አንድ ለመጠባበቂያ እንድገም።”

ይኼ የሙያው ደንብ ነው። አንድ ቀረጻ ያማረ ቢሆንም ሌላ አንድ ይጨመራል፤ ፋይሉ ቢበላሽ፣ ያላየነው እንከን ቢኖር። ብዙ ጊዜ ያንን መጠባበቂያ ዞሮ የሚያየው የለም።

እትዬ እጅ ጣቶቿን እያፍታታች፣ “መጠባበቂያው እንደ እኔ ይሁን?” አለች።

“እንደፈለግሽ” አለ እሱ። “ማን ያየዋል?”

ካሜራው ጀመረ። ከታች ጀመረች። አንደኛውን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ ወደ ላይ እየወጣች የአንገቱን ቆለፈች። ከዚያ በመዳፏ ደረቱ ላይ ቸብ፣ ቸብ፣ ቸብ። ሦስት ጊዜ። እጇንም እዚያው ተወችው። ልጅ የለበትም እኮ፤ እንጨትና ጨርቅ ነው። የመብራት ሠራተኛው ግን፣ ያ ቀልዱ የማያልቅበት ሰው፣ ኮፍያውን አወለቀ።

እኔ ያው እኔ ነኝ። “እትዬ፣ ይኼ አይሆንም። ተዋናይዋ ከላይ ነው የቆለፈችው፤ አይገጥምም” አልኩ።

“አውቃለሁ” አለችኝ። “መጠባበቂያ ነው።”

ጓንቷን አድርጋ ሄደች። እኔም ከዚያ ቀረጻ ጎን “የማይሆን” ብዬ ምልክት አደረግሁ።

ፊልሙ ወደ ኤዲቲንግ ገባ። ኤዲተሩ መስኮት በሌላት ክፍል ተዘግቶ ኦቾሎኒ እየበላ የሚውል ራሰ በራ ሰው ነው፤ ቁርጥራጩን የሚገጣጥመው እሱ ነው። ደወለልኝ። “የኮቱ ቀረጻ ደብዝዟል” አለ። “ፎከሱ ኮሌታው ላይ ተቀምጧል፤ ጣቶቿ አይታዩም። ጥርት ያለው መጠባበቂያው ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ተገልብጧል።”

ደሜ ፈላ። ካሜራ ባለሙያውን ጠራሁት፤ “ዓይኔን ግንባር ያርገው፣ ጥርት ብሎ ነበር” ብሎ ማለ። ማሐላ ፎከስ አይመልስም። እንደገና እንቅረጽ ብል ፕሮዲውሰሩ ሳቀብኝ፤ ኮቱ ለባለቤቱ ተመልሷል፣ ስቱዲዮው ለሌላ ተሰጥቷል። ኤዲተሩ ደግሞ፣ “ሰው እያለቀሰ ቁልፍ አይቆጥርም” ይለኛል። ከሰዓቱን ሙሉ ተጨቃጨቅን፣ ተሸነፍኩ። በዚያ ሁሉ ጭቅጭቅ ስለ ቁልፉ ነበር የማወራው። ኤዲተሩ ሁለተኛዋ ቸብ ላይ ቆርጦ ልጁ ዞር ወደሚልበት ምስል ተሻግሯል፤ ልጁ ዞር የሚለው እዚያ ላይ ስለሆነ ሦስተኛዋ ቦታ አልነበራትም። እሷን ያሰባት የለም።

ፊልሙ ወጣ። ለምርቃቱ ሁላችን ስንጠራ እትዬ እጅን የጠራት የለም፤ አልተለመደም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ስህተቴን ሰው ያየው እንደሆነ ላጣራ ብዬ ብቻዬን ሲኒማ ገባሁ። አዳራሹ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረው። ከፊቴ ሦስት ረድፍ ቀደም ብሎ ጓንት ያደረገ እጅ ወንበር መደገፊያ ላይ አየሁ።

ኮቱ መጣ። ከታች ወደ ላይ። ቸብ፣ ቸብ። ልጁ ዞር አለ። ጓንት ያደረገው እጅ ከመደገፊያው ላይ ወደቀ። ብድግ ብላ ወጣች፤ እኔም ተከትዬ ወጣሁ።

ቲኬት መቁረጫው አጠገብ ደረስኩባት። ለመቆጣት ነበር የተዘጋጀሁት፤ ይኸው በአንቺ ምክንያት ስሜ ሊጠፋ ነው ልላት ነበር። ፊቷን ሳየው ተውኩት።

“ሦስተኛዋ የት ገባች?” አለችኝ።

“ምኗ ሦስተኛ?”

“እናታችን ስትልከን እንዲህ ነበር የምትቆልፈን። ብርድ የሚገባው ከታች ነው ትላለች፤ ከታች ነው የምትጀምረው። ከዚያ ደረታችን ላይ ሦስት ጊዜ ቸብ። አንዷ ለአንቺ፣ አንዷ ለእህትሽ፣ አንዷ ለእኔ። እኔንም እንዲህ፣ እሷንም እንዲህ። ከኛ ቤት ውጪ የሚያውቀው የለም።”  ቲኬት ቆራጯ ታየን ነበር። “እህቴ አይታ ታውቀኛለች ብዬ ነው። ካሜራ ባለሙያው መጠባበቂያውን ማንም አያየውም ሲል እኔ አንድ ቀን ቢፈለግስ ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ተፈለገ። እና ሁለት ላይ ቆረጣችሁት።”

“አንድ ቸብ ብትጎድል ምን...” ብዬ ጀምሬ እኔው ገባኝ። ለአንቺ፣ ለእህትሽ። የጎደለችው የእናትየዋ ናት።

“እናታችንን አሁንም ጥላት ሄደች ነው የምትለው” አለች እትዬ እጅ። ጓንቷን ሳብ አድርጋ አስተካከለች፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ ተሰናበተችኝና ወጣች። በመስታወቱ በር በኩል መንገድ ስትሻገር አየኋት። አብሬያት መሄድ ነበረብኝ፤ ምን ብዬ ልሂድ?

ኤዲተሩ ዘንድ ሄጄ ጮኽኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ፤ ፊልምም ከወጣ ወጣ። ኦቾሎኒውን አቁሞ ሰማኝ፣ ራሱን ያዘ፣ ምንም ማድረግ አልቻለም። ከዚያ ወዲህ እትዬ እጅ ስትጠራ ትመጣለች፣ ትሠራለች፣ ትሄዳለች። የእህቷን ነገር አላነሳችም። እኔም አላነሳሁባት።

ክረምቱ ሲገባ ፊልሙ በቴሌቪዥን ታየ። ያኔ ነው ስልኩ የሚጀምረው። ስህተት አገኘሁ ብሎ መደወል የሚወድ ሰው ስንት አለ መሰላችሁ? ቢሮ ያለችው ጸሐፊ እንዲህ ያለውን ሁሉ ወደ እኔ ታስተላልፋለች፣ እየሳቀች። አንድ ጡረተኛ ስለ ቁልፎቹ ደውሎ ሲሰድበኝ ቆየ፤ ልክ ነው፣ ምን እላለሁ። እሱን ጨርሼ ስልኩን ሳስቀምጥ ደግሞ ጮኸ።

“ኮቱን የሚቆልፈው እጅ የተዋናይዋ አይደለም” አለች አንዲት ሴት፣ ሰላም እንኳን ሳትል።

“አይደለም።”

“የማን እንደሆነ አውቃለሁ። መልእክት ያደርሱልኛል?”

 “አደርሳለሁ” አልኩ።

“ሦስተኛዋን ዛሬም ረሳሻት ብላለች ይበሏት። ሌላ የለኝም።”

ልትዘጋው ነው። ዕድሜዬን ሙሉ በሰው ስህተት ስጮህ የኖርኩ ሴት፣ ያን ቀን ለሰው ጮኽኩ። “እንዳትዘጊው። ስህተቱ የእኛ ነው። ሦስት ነው ያደረገችው፣ እኛ ነን የቆረጥነው።” አንቺ ብዬ እንደጠራኋት ያወቅሁት ኋላ ነው።

 ትንፋሿን እሰማለሁ። ከበስተጀርባዋ የስፌት መኪና ድምፅ ነበር፣ ቆመ።

“ለወዳጅሽ ብለሽ ነው” አለችኝ።

“እኔ ለወዳጅ ብዬ ስህተት አልሸፍንም። የፈለግሽውን ሰው ጠይቂ፤ በዚህ ነው የምጠላው። ሦስተኛዋ አለች፤ ኤዲቲንግ ክፍል ቁጭ ብላለች። ነይና እዪ።”

 “የት ነው?” አለች።

በአውቶቡስ መጣች። በር ላይ ስትቆም ማንነቷን የነገረኝ ፊቷ አይደለም፤ እጇ ነው። ያው እጅ ነው፣ ያው ረዣዥም ጣት፣ ያው የአውራ ጣት አቀማመጥ። ግን የተኖረበት እጅ ነው። መርፌ የወጋጋው፣ ዘይት የፈነጠቀበት፣ ጥፍሩ ሥር የጨርቅ ቀለም የገባ። እትዬ እጅ ባታስቀምጠው ኖሮ እጇ እንዲህ ይሆን ነበር ብዬ አሰብኩ።

ኤዲተሩ ወንበሩን ለቀቀላት። ያልተቆረጠውን ቀረጻ ፈልጎ ከፈተ። ቁልፎቹ ከታች ወደ ላይ። ቸብ፣ ቸብ። “ፊልሙ ላይ እዚህ ያልቃል” አለ። ከዚያ ቸብ። እጁ ኮቱ ላይ ቀረ። ሰው አላየኝም ብላ መሆን አለበት፣ በአውራ ጣቷ ጨርቁን ቀስ ብላ ስታሸው ይታያል፤ እናት የልጇን ልብስ እንደምታስተካክል። ከዚያ ምስሉ ጠፋ።

“ድገመው” አለች እህትየዋ። ደገመው። “ድምፅ የለውም?”

“ለኢንሰርት ድምፅ አንቀዳም” አለ ኤዲተሩ።

“ፊቷስ?”

ተያየን። “ፊቷ የለም” አልኳት። “ካሜራው ከክርኗ በላይ አይወጣም።”

“በዚህ ሁሉ ዓመት? አንድ ቦታ እንኳን?”

ኤዲተሩ፣ ነፍሱን ይማረውና ገና አልሞተም፣ የድሮውን ሁሉ እየከፈተ ይፈልግላት ጀመር። እጅ ሻማ ሲለኩስ። እጅ ትራስ ሲያስተካክል። እጅ የታመመ ሰው ግንባር ሲዳብስ። ያን ሳሙናም አገኘው፤ ሊያልፈው ሲል “ተወው” አለችውና አረፋው እስኪያልቅ አየችው። ፊት ግን የትም የለም። እሷም እንባዋ ሲወርድ አልጠረገችውም።

“አርጅታለች?” አለችኝ።

“እጇ አላረጀም። ፊቷን ሄደሽ እዪው።”

“ይኼን እጅ እንዲህ አድርጋ የምታስቀምጠው፣ ምን እየበላች ነው?”

“ዳቦ።”

“ዳቦ ብቻ?”

“ምድጃዋ ላይ አበባ ነው ያለው” አልኳት።

ተቆጣች። ስልክ ላይ ከተቆጣችኝ የባሰ ተቆጣች። “ሞኝ” አለች፣ “ሞኝ፣ ድሮም ሞኝ” እያለች ቦርሳዋን ዘጋች፣ ከፈተች፣ ዘጋች። የእትዬ እጅን ቤት አቅጣጫ ነገርኳት። እሄዳለሁም አልሄድምም አላለችም። መስኮት ስለሌለ በየት በኩል እንደሄደች ማየት አልቻልኩም። መከተል አማረኝ፤ ምን አገባኝ ብዬ ተቀመጥኩ። ኤዲተሩ ኦቾሎኒ አቀረበልኝ፣ አልበላሁም።

ወሬ ሳልሰማ ሰነበትኩ። ጠይቄ ባዶ መልስ ከማገኝ ሳልጠይቅ መቆየት መረጥኩ፤ ሆድ ይፍጀው አልኩ። ከዚያ የቀለበት ማስታወቂያ መጣና እትዬ እጅ ተጠራች። አርፍዳ አታውቅም፣ አረፈደች። ስትገባ መጀመሪያ ያየሁት ጓንት አለማድረጓን ነው። ሁለተኛ ያየሁት የቀኝ እጇን ጀርባ ነው። ከመሐል ጣቷ ሥር እስከ አንጓዋ የቀላ ቃጠሎ። አውራ ጣቷ ላይ የቢላ ቁርጥ፣ በጨርቅ ታስሮ።

ዳይሬክተሩ ጮኸ። አልባሳት ያዧ በፊት ዱቄት እንሸፍነው ብላ ሞከረች፣ ባሰበት። ካሜራ ባለሙያው ዓይኑን ከካሜራው ነቅሎ፣ “ይኼ እጅ ለወራት አይሆንም” አለ። ሌላ እጅ ፈልጉ ተባለ። እኔ ክንዷን ይዤ ወደ ጥግ ወሰድኳት፤ ንዴቴ አናቴ ላይ ወጥቷል።

“እትዬ፣ ምን ነካሽ? ሥራሽ እኮ ነው። ከዚህ እጅ ሌላ ምን አለሽ?”

“ሾርባ ሠርቼ ነው” አለችኝ። “ድስት በምን እንደሚያዝ ረስቼዋለሁ።”

“ለማን?”

 “መንገድ ደክሟት ነበር” አለች። “በሩ ላይ ቆማ መጀመሪያ ፊቴን አየችኝ፣ ብዙ አየችኝ። ከዚያ ገብታ አበባውን ከምድጃው ላይ አነሳችና መስኮት ላይ አስቀመጠች። ሾርባው ጨው በዛው አለችኝ። ሽንኩርት አከታተፍሽ የልጅ ነው አለችኝ። እስክትጨርሰው ግን አልተነሳችም።”

“ታረቃችሁ?”

“እሱን እንጃ። ስትሰድበኝ አመሸች።” ፊቷ ላይ ያየሁትን ደስታ ምን ብዬ ልንገራችሁ፤ አይቼባት አላውቅም ነበር።

ከዚያ ያን የተቃጠለ እጇን ዘረጋችልኝ። ልትጨብጠኝ ነው። እንዳላሳምማት ፈርቼ በጣቶቼ ጫፍ ያዝኩት፤ እሷ ግን ጠበቅ አደረገችኝ። ትኩስ እጅ ነው፣ ሽንኩርት ይሸታል።

“እህቴ ሰላም ብላሻለች” አለችኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ለኢንሰርት የምንጠራው ሌላ ሰው ነው። እትዬ እጅ ከእህቷ ጋር ልብስ ስፌት ልትጀምር ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ሰፈሩ ይሰማል አሉ። እኔ ግን ያን ዕለት ከስቱዲዮው ስወጣ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ቀንቼም ነበር፤ ሁለቱም እውነት ነው። ብርድ ነበር። መንገዱ ዳር ቆሜ ኮቴን ከታች ጀምሬ ወደ ላይ ቆለፍኩ። እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁ፣ አንዷን ለእኔ ብዬ ቸብ አደረግሁ። ሁለተኛዋን ለማን እንደምል አጣሁና እጄን ኪሴ ከትቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።